ኤዱዋር ባልዱስ፤ የኖራ ድንጋይና የባቡር ሐዲድ ፎቶግራፍ አንሺ

ከአንድ የሕክምና ተማሪ

የታላላቅ ሰዎች የሕይወት ታሪክ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ በሐሳባችን የሚመጡት የጦር አዛዦች፣ የመንግሥት መሪዎች ወይም መድኃኒት ያገኙ ሊቃውንት ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የማስተዋውቃችሁ ሰው ከእነዚህ ወገን አይደለም። ሠራዊት አልመራም፤ ሕግ አላወጣም፤ በሽታም አልፈወሰም። የሥራ መሣሪያው አንድ ትልቅ የእንጨት ካሜራ፣ ጥቂት ኬሚካሎችና በጀላቲን የተቀባ ወረቀት ነበር። ሆኖም በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ላይ የፈረንሳይ አገር ምን ትመስል እንደነበረ፣ በተለይም ከኖራ ድንጋይ የታነጹት ሕንፃዎቿና የኖራ ድንጋይ ገደሎቿ፣ በመካከላቸውም እየሰነጠቀ ያለፈው የባቡር ሐዲድ እንዴት ያለ እንደነበረ ለማወቅ የሚፈልግ ሁሉ ዛሬም የሚመለከተው የእሱን ፎቶግራፎች ነው። ይህ ሰው ኤዱዋር ባልዱስ ይባላል።

ስለ እሱ ለመጻፍ የተነሣሣሁት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ባልዱስ እንደ እኛው ለትምህርት ከአገሩ ወጥቶ በሰው አገር የኖረ፣ የመጣበትንም አገር ከተወላጆቹ ባልተናነሰ ሁኔታ አስተውሎ ያየ ሰው በመሆኑ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ፎቶግራፎቹ አንድ ከባድ ጥያቄ ስለሚያስነሡ ነው። ድንጋዩ ይታያል፤ ሐዲዱም ይታያል፤ ድንጋዩን የፈለጠውና ሐዲዱን ያነጠፈው ሰው ግን የት አለ? በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልኝ።

ከጀርመን መንደር ወደ ፓሪስ

ባልዱስ በ1813 ዛሬ በምዕራብ ጀርመን ክፍል በምትገኘው ግሩነባኽ በምትባል መንደር ተወለደ። ያደገውም የፕሩሲያ ዜጋ ሆኖ ነው። በ1838፣ ማለትም የ25 ዓመት ወጣት ሳለ፣ ሥዕል ለመማር ወደ ፓሪስ ሄደ። በዚያን ጊዜ ሥዕል መማር የሚፈልግ ወጣት ሁሉ ዓይኑን የሚጥለው በፓሪስ ላይ ነበርና በዚህ ረገድ ከብዙዎቹ የተለየ አልነበረም። ሥዕሎቹን ሳሎን ተብሎ ወደሚጠራው ታላቅ የሥዕል ኤግዚቢሽን በየጊዜው ያቀርብ ነበር። አንዳንዶቹ ተቀባይነት ቢያገኙም ስሙን ያስጠራለት ግን አንድም አልነበረም። ከመጣ አሥር ዓመት ሲሞላው ገና ብዙ ሰው የማያውቀው የውጭ አገር ሠዓሊ ነበር።

ዕድሉን የለወጠው ፎቶግራፍ ነው። እሱ ፓሪስ በገባ በዓመቱ፣ በ1839፣ የዳጌር የፎቶግራፍ ዘዴ ለዓለም ተገለጸ። ይህ ዘዴ ምስሉን በብር በተለበጠ የመዳብ ገጽ ላይ የሚያወጣ ሲሆን ጉድለቱ አንድ ምስል አንድ ብቻ መሆኑ ነው፤ ሊባዛ አይችልም። እንግሊዛዊው ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት ግን ምስሉን በወረቀት ላይ በኔጋቲቭ መልክ አውጥቶ ከዚያ የፈለጉትን ያህል ቅጂ ማተም የሚቻልበትን መንገድ አገኘ። ባልዱስ በ1840ዎቹ መጨረሻ ገደማ የያዘው ይህንኑ የወረቀት ኔጋቲቭ ነው። ቆየት ብሎም ወረቀቱን በጀላቲን የሚቀባበትን የራሱን ዘዴ አዘጋጅቶ በ1852 አሳተመ።

ለሕክምና ተማሪ የዚያ ዘመን የፎቶግራፍ ክፍል እንግዳ ቦታ አይደለም። ወረቀቱ ብርሃን እንዲቀበል የሚያደርገው የብር ናይትሬት ከ1880ዎቹ ጀምሮ አዋላጆች በአዲስ የተወለደ ሕፃን ዓይን ላይ ያንጠባጥቡት የነበረው ነው። በኋላ መስተዋት ለመቀባት ያገለገለው ኮሎዲዮን ደግሞ በዚያው ዘመን ሐኪሞች ቁስል የሚሸፍኑበት ፈሳሽ ነበር። ምስሉ እንዳይጠፋ የሚያጸናው ጨው ዛሬ በሳያናይድ ለተመረዘ ሰው ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ነው። ፎቶግራፍ አንሺው የኬሚስት እጅ፣ የሠዓሊ ዓይንና የተሸካሚ ጉልበት ያስፈልገው ነበር። በዚያን ጊዜ ፎቶግራፍ የሚታተመው ወረቀትን ከወረቀት ጋር አነባብሮ በፀሐይ በማጋለጥ ስለነበር የኔጋቲቩ መጠንና የፎቶግራፉ መጠን እኩል ነው። ባልዱስ ከ40 ሴንቲ ሜትር የማያንስ ርዝመት ያለው ፎቶግራፍ ለማግኘት ያንኑ የሚያህል ኔጋቲቭ የሚይዝ ካሜራ ይዞ ገደል መውጣትና መውረድ ነበረበት።

የኖራ ድንጋይ ምንድን ነው?

የባልዱስን ሥራ ለመረዳት በቅድሚያ ስለ ድንጋዩ ጥቂት ማወቅ ይጠቅማል። የኖራ ድንጋይ በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው። የተሠራውም በጥንት ባሕሮች ውስጥ ይኖሩ የነበሩ ልዩ ልዩ ጥቃቅንና ትላልቅ ፍጥረታት ሲሞቱ ዛጎላቸው በባሕሩ ወለል ላይ እየተከማቸ፣ በክብደት እየተጨፈለቀና እየተጣበቀ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ዓመታት ነው። በአገራችን የሶፍ ዑመር ዋሻ የተቦረቦረው በዚህ ዓይነት ድንጋይ ውስጥ ነው። በምንኖርበት በመካከለኛው ምሥራቅም የጊዛ ፒራሚዶች አብዛኛው አካላቸው የኖራ ድንጋይ ነው።

የፓሪስ ከተማም ከዚሁ ድንጋይ የወጣች ከተማ ናት። ከከተማዋ ሥር የሚገኘው የኖራ ድንጋይ ንጣፍ ከሮማውያን ዘመን ጀምሮ እየተፈለጠ ሕንፃ ሲሠራበት ኖሯል። የከርሰ ምድር ካባዎቹ እየበዙ ሄደው በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ አንዳንዱ ሰፈር መደርመስ ጀመረ። ከ1786 ጀምሮም የከተማዋ የመቃብር ቦታዎች ከመጠን በላይ በመሙላታቸው የብዙ ሚሊዮን ሰዎች አጥንት ወደነዚሁ ባዶ ካባዎች ተዛወረ። የእንስሳት ዛጎል የሠራው ድንጋይ ወጥቶ ቤት ሆነ፤ በቦታውም የሰው አጥንት ገባ። ሁለቱም በዋናነት የካልሲየም ውሕዶች ናቸው።

ይህ ድንጋይ ለፎቶግራፍ የሚመች ጠባይ አለው። መልኩ ነጣ ያለ በመሆኑ ብርሃንን ይመልሳል፤ ሲጠረብ ለስላሳ ስለሆነ ጠራቢው ጥልቅና ጥቃቅን ቅርጽ ያወጣበታል። በደቡብ ፈረንሳይ ፀሐይ ሥር የተጠረበው ክፍል ጥላው ጥቁር፣ ፊቱ ደማቅ ሆኖ ይታያል። የወረቀት ኔጋቲቭ ደካማ በነበረበት ዘመን እንደዚህ ያለ ቁልጭ ያለ ብርሃንና ጥላ ትልቅ ሀብት ነበር።

የ1851 ጉዞ

በ1837 የፈረንሳይ መንግሥት የታሪካዊ ሕንፃዎች ኮሚሲዮን አቋቁሞ ነበር። ከዋና ተቆጣጣሪዎቹ አንዱ ደራሲው ፕሮስፔር ሜሪሜ ነው። አብያተ ክርስቲያናትና ግንቦች በእርጅናና በአብዮቱ ዘመን በደረሰባቸው ጉዳት ሲፈራርሱ የትኛው ቀድሞ መጠገን እንዳለበት ለመወሰን ኮሚሲዮኑ ማስረጃ ያስፈልገው ነበር። ስለዚህም በ1851 አምስት ፎቶግራፍ አንሺዎችን መርጦ ወደ ልዩ ልዩ አውራጃዎች ላከ። እነርሱም ኢፖሊት ባያር፣ ጉስታቭ ለ ግሬ፣ አንሪ ለ ሴክ፣ ሜስትራልና የእኛው ባልዱስ ናቸው። መንግሥት አገሩን በፎቶግራፍ ለመመዝገብ ያደረገው የመጀመሪያው ሰፊ ሙከራ ይህ ነው ለማለት ይቻላል።

ለባልዱስ የደረሰው መንገድ ከፎንቴንብሎ ተነሥቶ በቡርጎኝ በኩል የሮን ወንዝን ተከትሎ እስከ ፕሮቫንስ የሚወርደው ነበር። በዚህ ጉዞ የኦራንዥን፣ የአቪኞንን፣ የአርልንና የኒምን የኖራ ድንጋይ ሕንፃዎች አነሣ። ከእነዚህ አብዛኞቹ የሮማውያን ዘመን ቅርሶች ናቸው።

በአርል ከተማ የሚገኘው የቅዱስ ትሮፊም ገዳም ውስጠኛ ቅጥር የገጠመውን ችግርና ያገኘውን መፍትሔ በግልጽ ያሳያል። ቦታው ጠባብና ጨለማ ሲሆን ከውጭ የሚገባው ብርሃን ደግሞ እጅግ ብሩህ ነው። በአንድ ኔጋቲቭ ሁለቱንም አጥርቶ ማውጣት አይቻልም። ባልዱስ ግን ቦታውን በክፍል በክፍል ወደ 10 በሚደርሱ ኔጋቲቮች አንሥቶ፣ ኔጋቲቮቹን እየቆረጠ በማገጣጠምና የጎደለውን በብሩሽ በማሟላት አንድ ሙሉ ምስል ሠራ። ሠዓሊነቱ ሳይሳካለት የቀረው ሰው ሥዕል የተማረበትን እጁን እዚህ ላይ ተጠቀመበት። ያልተሳካ የሚመስል ትምህርት አንዳንድ ጊዜ ባልታሰበ በር ተመልሶ ይገባል።

ኮሚሲዮኑ ኔጋቲቮቹን ተረክቦ በመዝገብ ቤት አስቀመጠ እንጂ ለሕዝብ አላሳተመም። ባልዱስ ግን ሥራውን አላቆመም። በመንግሥት ድጎማ የፈረንሳይን ከተሞች ሕንፃዎች በተከታታይ እያነሣ ማሳተም ቀጠለ።

ሐዲዱና ድንጋዩ

በዚያው ዘመን ፈረንሳይ በባቡር ሐዲድ እየተሸፈነች ነበር። ከፓሪስ ወደ ሰሜን የሚሄደው መሥመር በ1840ዎቹ ተከፍቶ ነበር። በ1850ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ከፓሪስ ተነሥቶ በሊዮን በኩል ማርሴይ ለመድረስ ተቻለ። እዚህ ላይ ድንጋይና ባቡር እንዴት እንደተሳሰሩ መግለጽ ያስፈልጋል። አንድ ሜትር ኩብ የኖራ ድንጋይ ወደ 2 ቶን ገደማ፣ ጠንካራው ዓይነት ከዚያም በላይ ይመዝናል። ከባቡር በፊት እንዲህ ያለ ጭነት ረጅም መንገድ ሊጓዝ የሚችለው በጀልባ ብቻ ስለነበር ከወንዝ ርቆ የሚገኝ ካባ የቱንም ያህል ጥሩ ድንጋይ ቢኖረው ገበያው የአካባቢው ሰው ብቻ ነበር። ፉርጎ ከመጣ በኋላ ግን ይህ ተለወጠ። በቡርጎኝ ከሐዲዱ ጥግ የሚገኘው የኮምብላንሺያን ጠንካራ የኖራ ድንጋይ በባቡሩ ምክንያት ሩቅ ገበያ አግኝቶ በ1875 ለተመረቀው ለፓሪስ ኦፔራ ሕንፃ አገልግሏል። ከፓሪስ በስተሰሜን በዋዝ ወንዝ አካባቢ የሚገኙት የሰን ሎ እና የሰን ማክሲሜን ካባዎችም ኦስማን ከ1853 ጀምሮ አፍርሶ እንደገና ለሠራት ፓሪስ ድንጋይ አቅራቢዎች ነበሩ። ባጭሩ ሐዲዱ ኮረብታውን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ድልድዩ ከኮረብታው ድንጋይ ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ ኮረብታው ራሱ በፉርጎ ተጭኖ ወደ ከተማ ይሄዳል።

በነገራችን ላይ ፉርጎ የምንለው ቃልና ለገሃር የምንለው የባቡር ጣቢያ ስም ሁለቱም ከፈረንሳይኛ የመጡ ናቸው። በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው ባቡር በፈረንሳይ ኩባንያ የተሠራ ነውና ቃሎቹም አብረው ተሳፍረው መጡ።

በነሐሴ 1855 የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ከባለቤቷ ከልዑል አልበርት ጋር ፓሪስን ጎበኘች። የመጣችውም ከቡሎኝ ወደብ በሰሜን ባቡር ነበር። የኩባንያው ፕሬዚዳንት ባሮን ጄምስ ደ ሮትሺልድ ለዚህ ጉብኝት ማስታወሻ የሚሆን አልበም እንዲያዘጋጅ ባልዱስን አዘዘው። ባልዱስም ከቡሎኝ እስከ ፓሪስ ባለው መሥመር ላይ ያሉትን ጣቢያዎች፣ ወደቡንና እንደ አሚየን ካቴድራል ያሉ ጥንታዊ ሕንፃዎችን አንሥቶ 50 ፎቶግራፎች የያዘ አልበም አቀረበ። አልበሙ በእንግሊዝ ቤተ መንግሥት ስብስብ ውስጥ ይገኛል። የዘመኑን አዲስ ጣቢያ ከጥንቱ ካቴድራል ጎን አስቀምጦ ሁለቱንም በእኩል ክብር ማሳየት ከዚህ ጊዜ ጀምሮ የባልዱስ መለያ ሆነ።

ሉቭርና ጎርፉ

በዚያው በ1855 ከሁሉ የሚበልጠውን ሥራ ጀመረ። ናፖሌዎን 3ኛ የሉቭርን ቤተ መንግሥት በማስፋፋት ከቱዊለሪ ቤተ መንግሥት ጋር ለማገናኘት ታላቅ የግንባታ ሥራ ያስጀመረ ሲሆን አርክቴክቱ ሄክቶር ለፉዌል ነበር። ባልዱስ እስከ 1857 ድረስ እያንዳንዱን ሐውልት፣ እያንዳንዱን የተጠረበ ጌጥ ከቦታው ከመውጣቱ በፊት በፎቶግራፍ መዘገበ። ከ2,000 በላይ ምስሎችን አነሣ። ይህ አሰልቺ የሚመስል ሥራ ለግንባታው የሒሳብ መዝገብ ያህል የሚያገለግል ነበር። የጠራቢዎቹ እጅ ሥራ ከምድር ብዙ ሜትር ከፍ ብሎ ከመሰቀሉና ከዓይን ከመራቁ በፊት በቅርብ የታየውም በእነዚህ ፎቶግራፎች ነው። በ1856 ባልዱስ የፈረንሳይ ዜግነት አገኘ።

በዚያው ዓመት በግንቦት መጨረሻና በሰኔ መጀመሪያ ላይ የሮን ወንዝ ሞልቶ ሊዮንን፣ አቪኞንንና ታራስኮንን አጥለቀለቀ። ብዙ ሰው ሞተ፤ ብዙ ሺህ ሕዝብም ቤት አልባ ሆነ። መንግሥት ባልዱስን ወደ ስፍራው ላከው። እሱም በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ 25 የሚጠጉ ኔጋቲቮች አዘጋጀ። በፎቶግራፎቹ ላይ የፈራረሰ የሊዮን ሰፈር፣ ጸጥ ብሎ የተኛ ሰፊ ውሃ፣ በውሃው መካከል የቆሙ ዛፎችና ግንብ ይታያሉ። የሚያለቅስ ሰው፣ ዕቃውን የተሸከመ ቤተሰብ፣ አስከሬን የሚፈልግ ዘመድ አይታይም። ይህን ልብ እንበል፤ ወደኋላ እመለስበታለሁ።

ከሊዮን እስከ ሜዲቴራኒያን

የባልዱስ ሥራ ከፍተኛ ደረጃ የደረሰው በ1861 ገደማ በተጠናቀቀው ሁለተኛው የባቡር አልበም ነው። ይህን ያዘዘው ፓሪስን ከሊዮንና ከሜዲቴራኒያን ባሕር ጋር የሚያገናኘው ታላቅ ኩባንያ ነው። አልበሙ ወደ 70 የሚጠጉ ፎቶግራፎች የያዘ ሲሆን አንባቢውን በባቡር እንደተሳፈረ ሰው ከሰሜን ወደ ደቡብ ይዞት ይወርዳል። ጥንታዊ ሕንፃዎቹ አብዛኞቹ ባልዱስ ከ10 ዓመት በፊት በመንግሥት ተልኮ ያያቸው ናቸው። በመካከላቸው ግን አሁን አዲስ ነገር ገብቷል፤ ድልድይ፣ የዋሻ አፍ፣ የጣቢያ ጣሪያ፣ ቀጥ ብለው እስከ አድማስ የሚሄዱ ሐዲዶች።

ከፎቶግራፎቹ አንዱ የሮን ወንዝ በኖራ ድንጋይ ገደሎች መካከል ተጨናንቆ የሚያልፍበትን የዶንዜርን ጠባብ ሸለቆ ያሳያል። ነጭ ገደል፣ ሰፊ ወንዝና ጸጥታ ብቻ ነው። ለእኛ በመካከለኛው ምሥራቅ ለምንማር ተማሪዎች ይህ አካባቢ የተለየ ትርጉም አለው። ከዶንዜር ከፍ ብሎ በወንዙ ማዶ ለ ቴይ በምትባል ቦታ ያለው የኖራ ድንጋይ ተራራ እየተፈለጠና እየተቃጠለ ኖራ ይመረትበት ነበር። ባልዱስ አልበሙን ከጨረሰ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1864፣ ይኸው የላፋርዥ ፋብሪካ ለሱዌዝ ካናል ሥራ 110,000 ቶን ኖራ ለማቅረብ ተዋዋለ። በባሕር ውሃ ውስጥ የሚጠነክር ኖራ በመሆኑ ለፖርት ሰይድ የወደብ ግንብ ተፈለገ። የሮን ሸለቆ ተራራ በዚህ ሁኔታ ግብፅ ገባ።

ከሁሉ ይልቅ የታወቀው ግን የፖን ዱ ጋር ፎቶግራፍ ሳይሆን አይቀርም። ይህ ሮማውያን ወደ ኒም ከተማ ውሃ ለማሳለፍ በ1ኛው መቶ ዓመት የሠሩት ባለ ሦስት ደርብ ድልድይ 49 ሜትር ያህል ቁመት አለው። የተሠራበትም የኖራ ድንጋይ የወጣው ከዚያው አጠገብ ካለ ካባ ነው። ባልዱስ ይህን ድልድይ ከዘመኑ የባቡር ድልድዮች ጋር በአንድ አልበም ሲያስቀምጥ መልእክቱ ግልጽ ነበር። የባቡር መሐንዲሶች የሮማውያን ወራሾች ናቸው ማለቱ ነው። ኩባንያውም ገንዘብ የከፈለው ይህ እንዲባልለት ነበር።

ከማርሴይ በፊት ሐዲዱ የላ ኔርትን የኖራ ድንጋይ ተራራ በዋሻ አልፎ ይሄዳል። በኢንጂነር ፖለን ታላቦ አመራር የተቆፈረው ይህ ዋሻ ከ4 ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ርዝመት ያለው ሲሆን ባቡር ያለፈበት በ1848 ነው። ዲናማይት ገና አልተፈጠረም፤ የተፈጠረው በ1867 ነው። ስለዚህ ተራራው የተበሳው በመሮ፣ በመዶሻና በባሩድ፣ በሰው ክንድ ነው።

የጎደለው ሰው

አሁን በመግቢያዬ ወዳነሣሁት ጥያቄ እመለሳለሁ። የባልዱስን የጣቢያ ፎቶግራፎች የሚያይ ሰው በመጀመሪያ የሚያስገርመው ባዶነታቸው ነው። በቱሎን ጣቢያ ሐዲዶቹ ቀጥ ብለው ተዘርግተዋል፤ ሰው ግን አይታይም። አልፎ አልፎ የሕንፃው ትልቅነት እንዲታወቅ አንድ ትንሽ ሰው በጥግ ይቆማል እንጂ ሥራ የሚሠራ ወዛደር ማየት ብርቅ ነው።

የዚህ አንዱ ምክንያት የኬሚስትሪ ነው። ምስሉ በወረቀት ላይ እስኪያዝ ድረስ ካሜራው ለረጅም ጊዜ ተከፍቶ መቆየት ስለነበረበት የሚንቀሳቀስ ሁሉ ይጠፋል። የቆመ ድንጋይ ይቀረጻል፤ የሚሄድ ሰው ይሰወራል። ድንጋይ ተሸክሞ ሲመላለስ የዋለ ሰው ከሁሉ ይልቅ የሚንቀሳቀሰው እሱ ነውና ቀድሞ የሚጠፋው እሱ ነው። ነገር ግን ኬሚስትሪው ብቻ ምክንያት ነው ማለት አይቻልም። ባልዱስ በ1857 በላ ፋሎዋዝ ግቢ በዛፍ ጥላ ሥር የተቀመጡ የአንድ ሀብታም ቤተሰብ አባላትን አንሥቷል። እንዳይንቀሳቀሱ ከተነገራቸው ሰዎችም ይወጣሉ ማለት ነው። የካባ ሠራተኞቹን ለአንድ ደቂቃ እንዲቆሙ የጠየቀላቸው ወይም የከፈለላቸው ግን አልነበረም። ፎቶግራፉን ያዘዙት መንግሥትና ኩባንያ ነበሩ፤ እነርሱም የፈለጉት ድልድዩን ነው።

እንደ ሕክምና ተማሪነቴ ይህ ባዶ ቦታ ያሳስበኛል። ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ በ1700 ባሳተመው የሠራተኞች በሽታ መጽሐፉ ድንጋይ ጠራቢዎች የሚስቡት ብናኝ ሳንባቸውን እንደሚጎዳ ገልጾ ነበር። ንጹሕ የኖራ ድንጋይ ብናኝ እንደ ባልጩትና እንደ አሸዋ ድንጋይ ብናኝ ገዳይ አይደለም። ነገር ግን ባልጩት የተቀላቀለበትን ድንጋይ የሚፈልጥና የሚበሳ ሰው ዛሬ ሲሊኮሲስ በምንለው የሳንባ በሽታ ሊያዝ ይችላል። እንግዲህ ባልዱስ ካሜራውን በተከለ ጊዜ ስለ ድንጋይ ጠራቢ ሳንባ የተጻፈው ቃል ከ150 ዓመት በላይ ዕድሜ ነበረው። ዕውቀቱ ነበረ፤ ምስሉ ግን አልተነሣም።

ባልዱስ ከሞተ ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1895፣ ሮንትገን ራጅን አገኘ። ዛሬ በሆስፒታል ብርሃን ላይ ሰቅለን የምናነበው የራጅ ፊልም እንደ ባልዱስ ወረቀት ኔጋቲቭ ነው፤ ብርሃኑ የሚያጠቁረው፣ ካልሲየም ያለበት አጥንት ነጭ ሆኖ የሚታይበት። በትምህርታችን ደጋግሞ የሚነገረን ነገር ቢኖር የሚታየውን ብቻ ሳይሆን መታየት ሲገባው ያልታየውንም እንድንፈልግ ነው። የባልዱስን አልበም በዚህ ዓይነት ካነበብነው በጎርፉ ውሃ ሥር ቤተሰቡ፣ በዋሻው አፍ ቆፋሪው፣ በድልድዩ ላይ ጠራቢው መኖራቸውን እንረዳለን። እያንዳንዱ የድንጋይ ገጽ የመሮ ምልክት አለበት፤ ፎቶግራፉም ጥርት ያለ በመሆኑ ምልክቱን አሳምሮ ያሳያል። ባልዱስ ሰዎቹን ባያነሣም እጃቸውን አንሥቷል ማለት ይቻላል። ይህ ግን የሚያጽናና እንጂ የሚበቃ አይደለም።

የመጨረሻ ዘመኑ

በ1860 የሌዥዮን ዶኔር ኒሻን የተሸለመው ባልዱስ ከዚያ በኋላ እንደ ቀድሞው አልቀጠለም። የመስተዋት ኔጋቲቭ ተስፋፋ፤ ትናንሽና ርካሽ ፎቶግራፎች ገበያውን ያዙ። በትልቅ ካሜራ ቀስ ብሎ የሚሠራ ሰው ፈላጊው አነሰ። እሱም ፎቶግራፍን በመዳብ ገጽ ላይ ቀርጾ በቀለም ወደሚታተምበት ዘዴ አዘነበለ። በዚህም የሉቭርንና የቱዊለሪን፣ እንዲሁም የፈረንሳይን ዋና ዋና ሕንፃዎች የሚያሳዩ ትላልቅ መጻሕፍት አሳተመ። ነገር ግን ገቢው ወጪውን አልሸፈነም። በ1887 መክሰሩ በሕግ ተገለጸ፤ በ1889 በ76 ዓመቱ ከፓሪስ በስተደቡብ በምትገኘው በአርከይ ሞተ። አርከይ ስሟን ያገኘችው ሮማውያን ውሃ ለማሳለፍ ከሠሩት ባለ ቅስት ግንብ ነው። ፖን ዱ ጋርን ለዓለም ያሳየው ሰው የመጨረሻ ቀኖቹን ያሳለፈው በሌላ የሮማውያን የውሃ ግንብ ስም በምትጠራ ከተማ ነበር።

ከሞተ በኋላ ለብዙ ዘመን ስሙን የሚያነሣው ጥቂት ሰው ነበር። በ1994 በኒው ዮርክ የሜትሮፖሊታን ሙዚየምና በሞንትሪያል የካናዳ የአርክቴክቸር ማዕከል ሥራዎቹን ሰብስበው ለሕዝብ ካሳዩ ወዲህ ግን ከዘመኑ ታላላቅ ፎቶግራፍ አንሺዎች አንዱ መሆኑ በሰፊው ታወቀ።

ሥራው ምን ያህል እንደጠቀመ ለማወቅ አንድ ምሳሌ ይበቃል። በግንቦት 1871 በፓሪስ ኮሙን መጨረሻ ቀኖች የቱዊለሪ ቤተ መንግሥት ተቃጠለ። የኖራ ድንጋይ ከባድ እሳት ሲያገኘው ይሰነጠቃል፤ ሙቀቱ ሲበረታም ወደ ኖራ ይለወጣል። ፍርስራሹ እስከ 1883 ቆይቶ ተነሣ። ለዘመናት ይቆማል የተባለው ድንጋይ ጠፋ፤ ቀጭኑ ወረቀት ግን ተረፈ። ዛሬ ያ ቤተ መንግሥት ምን ይመስል እንደነበረ ከሚነግሩን ምስሎች መካከል የባልዱስ ፎቶግራፎች ይገኛሉ።

እኛስ?

ከባልዱስ ሕይወት ሁለት ነገር የምንማር ይመስለኛል። አንደኛው፣ የውጭ አገር ሰው መሆን ዓይንን የሚያሳውር ብቻ ሳይሆን የሚከፍትም መሆኑን ነው። የአገሩ ሰው በየቀኑ የሚያልፈውን ግንብ እንግዳው ቆሞ ያየዋል። በምንማርበት አገር ያለን ጊዜ ከመማሪያ ክፍልና ከመኝታ ቤት ውጭ ያለውንም እንድናይበት ይገባል።

ሁለተኛው ደግሞ የጎደለውን እንድንሞላ ነው። ዛሬ እያንዳንዳችን በኪሳችን ካሜራ አለን፤ ባልዱስን የከለከለው ረጅም ጊዜ መጠበቅ እኛን አይከለክለንም። በዕረፍት ጊዜ ወደ አገራችን ስንገባ የድሬዳዋን አካባቢ የኖራ ድንጋይ ኮረብታዎች፣ የቀድሞውን ጠባብ ሐዲድ፣ የሶፍ ዑመርን ዋሻ እናንሣ። ካባው አጠገብ የቆመውን ድንጋይ ፈላጭ፣ ሐዲዱን ሲጠግን የኖረውን ሽማግሌም ፈቃዳቸውን ጠይቀን እናንሣቸው። ከፎቶግራፉ ጋርም የቦታውን ስም፣ ቀኑንና እነርሱ ራሳቸው እንዲጻፍ የፈቀዱትን ስም እንመዝግብ። ከመቶ ዓመት በኋላ ያንን ምስል የሚያይ ተማሪ ድንጋዩን ብቻ ሳይሆን ድንጋዩን የፈለጠውን ሰው በስሙ ሊጠራው ይችላል።